ሦስቱ መሐላዎቼ

የሌላውን ሰው ነውር መጻፍ ቀላል ነው፤ የራስን ነውር መጻፍ ግን ብዕር ያከብዳል። ይህን ጽሑፍ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ደግሜ እንድጀምረው ያደረገኝ፥ በአንድ መሥሪያ ቤት ወይም በአንድ የተማሪዎች መኝታ ክፍል ውስጥ እኔ በነበርሁበት ጨለማ የሚዳክር ወንድም፥ ወይም «ባሌን ምን ነካው?» እያለች ለብቻዋ የምታለቅስ እኅት እንደማይጠፉ ማሰቤ ነው። የኔንም የባለቤቴንም ስም ስለማልጽፍ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ነውሩ የኔ ቢሆንም ስሙ የልጃችንም ነውና።

የተወለድሁት በስማዳ ነው፤ ከወገዳ ከተማ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ በሚያስኬድ የገጠር ቀበሌ። አባቴ ገበሬ ነው፤ እናቴም ጾም የማታጓድል ሴት ናት። በቤታችን ስለ ዘር፥ ስለ ከብት፥ ስለ ዝናብ፥ ስለ ዘመድ ጠብ ሁሉ ይወራል፤ በወንድና በሴት መካከል ስላለው ነገር ግን አንድም ቀን ሲነገር አልሰማሁም። ስለዚህ ጉዳይ የማውቃቸው ቃላት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ጨዋ፥ ሁለተኛው ሴሰኛ። ሰው ወይ ይህን ነው፥ ወይ ያንን ነው። ከሁለቱ ቃላት ሌላ ሦስተኛ ነገር መኖሩን ያወቅሁት ትዳሬ ሊፈርስ አንድ ሐሙስ ሲቀረው ነው።

ነገሩ የጀመረኝ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ነው። የመኝታ ጓደኞቼ በስልካቸው የብልግና ፊልም ሲያዩ እኔም አየሁ። እነርሱ አይተው፥ ስቀው ተኙ፤ እኔ ግን አልተኛሁም። ከዚያች ሌሊት በኋላ ፈተና ባስጨነቀኝ፥ ገንዘብ ባለቀብኝ፥ አገሬ በናፈቀኝ ቁጥር ወደዚያች ትንሽ ብርሃን እመለስ ጀመር። «ጉርምስና ነው፥ ያልፋል» አልሁ። ተመርቄ በላይ ጋይንት ወረዳ፥ በነፋስ መውጫ ከተማ ሥራ ስይዝም አላለፈም። ነፋስ መውጫን የሚያውቅ ሰው ስሟ በከንቱ እንዳልወጣ ያውቃል፤ ከጉና ተራራ ማዶ ያለች ደጋ ከተማ ናትና ማታ ማታ ነፋሱ ሰውን ወደየቤቱ ያባርራል። ላጤ ሠራተኛም በጊዜ በሩን ዘግቶ ከስልኩ ጋር ይቀመጣል።

በ2010 ዓ.ም. አገባሁ። ባለቤቴ የእስቴ ልጅ ናት፤ በመካነ ኢየሱስ ከተማ አድጋ፥ በመምህርነት ተመርቃ ወደኛ ወረዳ የተመደበች። በሠርጉ ዋዜማ ለራሴ ማልሁ፤ «ከነገ ጀምሮ ሚስት አለኝ፤ ከእንግዲህ ወደዚያ ነገር አልመለስም» አልሁ። የመጀመሪያው መሐላዬ ይህ ነበር። ብዙ ወጣቶች ትዳር እንዲህ ያለውን ልማድ የሚቆርጥ መድኃኒት ይመስላቸዋል፤ እኔም መስሎኝ ነበር። መሐላው ሁለት ወር እንኳ አልቆየም፤ ለስብሰባ ወደ ደብረ ታቦር ተልኬ ሆቴል ባደርሁበት ሌሊት ፈረሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር ብጽፈው ለአንባቢ የሚጠቅመው ነገር የለም፤ መልኩን ብቻ ልንገር። በፊት ስልክ ማየት ብቻ የነበረው፥ ኋላ ከማላውቃቸው ሴቶች ጋር መጻጻፍ፥ ከመጻጻፍም መገናኘት ሆነ። በመሥሪያ ቤት ፋይል ከፊቴ ተዘርግቶ አሳቤ ሌላ ቦታ ይውላል። አንድ ሽማግሌ ባለጉዳይ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ መጥቶ ከቢሮዬ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ፥ እኔ መጸዳጃ ቤት ተደብቄ ስልክ ስመለከት የቆየሁበት ቀን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ሰው ይህን ሲሰማ ደስታ ፍለጋ ይመስለዋል። እውነቱን ልናገር፤ ደስታው ገና በመጀመሪያው ዓመት አልቆ ነበር። የሚያሳክክ ቁስል ሲያክኩት ለጊዜው እፎይ ያሰኛል፤ ወዲያው ግን ይደማል፤ ደሙ ሳይደርቅ ደግሞ ያሳክካል። የኔም ነገር እንደዚሁ ነበር።

አሁን ስለ ባለቤቴ ልናገር፤ ሕመሙ የኔ ቢሆንም ሥቃዩን ይበልጥ የተቀበለችው እርሷ ናትና። በመጀመሪያ ያስተዋለችው ገንዘቡን ነው፤ ደመወዜ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ቀጥላ ስልኬን አየች፤ ከእጄ አይለይም፥ ሲጠራ ወደ ውጭ እወጣለሁ፥ ስተኛም ከትራሴ በታች አደርገዋለሁ። ሦስተኛው እንግዳ ጠባዬ ነው። አንድ ሰሞን ደክሟት «ዛሬ ይቅር» ስትለኝ አኩርፌ ሁለትና ሦስት ቀን አላናግራትም፤ ሌላ ሰሞን ደግሞ ወር ሙሉ ጀርባዬን ሰጥቻት አድራለሁ። ምስኪኗ ጥፋቱ የርሷ መሰላት። ጠጉሯን በየቅዳሜው ትሠራ ጀመር፤ ሽቶ ገዛች፤ ከወለደች በኋላ ሰውነቷ ስለ ተለወጠ የጠላኋት መስሏት ምግብ ቀነሰች። አንድ ቀን የማላያት መስሏት በመስተዋት ፊት ቆማ ስታለቅስ አይቼ ዝም አልሁ። ከበደሎቼ ሁሉ የሚያቃጥለኝ ይህ ዝምታ ነው። እውነቱን ብነግራት ኖሮ ቢያንስ ራሷን መጥላት ትተው ነበር።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ስልኬን ረስቼ ወጣሁና መልእክቶቹን አነበበች። ስመለስ አልጮኸችም። ልጁን አቅፋ «ስንት ዓመት ሆነህ?» ብቻ አለችኝ። «አንድ ጊዜ ነው፥ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» አልሁ። ከዚያም በልጃችን ራስ ላይ እጄን ጭኜ «ዳግመኛ ባደርገው ልጄን ይንሣኝ» ብዬ ማልሁ። ሁለተኛው መሐላ ይህ ነው። አንባቢ ሆይ፥ በልጁ ሞት የማለ አባት መሐላውን ያፈርሳል ብለህ ታምናለህን? እኔም አላምንም ነበር።

በዚያው ዓመት ክረምት በክልላችን ጦርነት በተነሣ ጊዜ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። አገር ሁሉ ሲጨነቅ እኔ በስውር «በሩ ተዘጋ፥ ዳንሁ» አልሁ። ለሦስት ሳምንት ያህልም የዳንሁ መሰለኝ። ኋላ ግን መንገዱ ሁሉ በሚያሰጋበት፥ ሰው ጀንበር ሳትጠልቅ በሩን በሚዘጋበት በዚያ ጊዜ፥ እኔ ባለቤቴን «ለሥራ ነው» ብዬ እየዋሸሁ ሴት ፍለጋ በየመጠጥ ቤቱ እዞር ጀመር። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ጥፋቱ የስልኩ አልነበረም። ስልኩ በር ነው፤ በሩ ሲዘጋ በመስኮት የምወጣው እኔ ነበርሁ።

ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ ወደ እናቷ ወደ እስቴ ሄደች። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ እንደ ልማዱም ለርሷ ትዕግሥትን፥ ለኔ መሐላን አዘዙ። በነፍስ አባቴ መስቀል ማልሁ፤ ሦስተኛው መሐላ። እርሷ ግን «ወንድ ነውና ይሳሳታል» የሚለውን ነገር አልተቀበለችም፤ ከእናቷ ቤትም አልመለስም አለች። ትክክል ነበረች። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የክልላችን የቤተሰብ ሕግ ባልም ሚስትም ፍቺ ለመጠየቅ እንደሚችሉ ይፈቅዳልና፥ ትዕግሥት ምክር እንጂ ግዴታ አይደለም። እኔም ሁለት ወር ሳይሞላ የመስቀሉን መሐላ አፈረስሁ።

ያን ሰሞን ሞትን ተመኘሁ። በመጨረሻ ወደ ነፍስ አባቴ ሄጄ አንድ ሳላስቀር ተናዘዝሁ። እርሳቸው በጋይንቷ ቤተ ልሔም ድጓ ያስመሰከሩ ሽማግሌ ናቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ልጄ፥ ይህን ስታደርግ ደስ ይልሃል?»

«አይ አባ፤ ደስታውን ከረሳሁት ቆይቻለሁ።»

«ልተው ብለህ ስንት ጊዜ ሞከርህ?»

«ቁጥሩን አላውቀውም፥ አባ።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «ንስሐህን እኔ እቀበላለሁ፤ ጠበሉንም ተጠመቅ» አሉኝ። «ነገር ግን ይህ ኃጢአት ብቻ አይመስለኝም፤ ሕመምም አለበት። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን ስለ ማክበር የሚናገረው በከንቱ አይደለም። ሐኪም ፈልግ። ሌላ መሐላ ግን አትማል፤ መሐላ እንደማያድንህ አይተኸዋል።»

መጀመሪያ ያማከርሁት የጤና ባለሙያ ሳቀብኝ። «ወንድሜ፥ ይህማ ጤንነት ነው፤ ስንቱ የሚመኘውን!» አለኝ። በዚያ ቀን ተስፋ ቆርጬ ልቀር ትንሽ ነበር የቀረኝ። ነገር ግን አንድ ሰው አላወቀም ማለት ሕክምና የለም ማለት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንገድ በተከፈተ ጊዜ ወደ ደብረ ታቦር ወርጄ ከሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ደረስሁ። የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ነበር። ባለሙያው ግን በሩን ዘግቶ፥ ሳይስቅም ሳይደነግጥም አዳመጠኝ።

ጥያቄው ብዙ ነበር። መጠጥና ጫት እንዳለብኝ ጠየቀኝ፤ ራሴን ተመትቼ እንደማውቅ፥ የምወስደው መድኃኒት እንዳለ፥ ለቀናት ሳልተኛ ያለ ልክ እየፈነደቅሁ ገንዘብ የበተንሁበት ጊዜ እንዳለም ጠየቀኝ። ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ ስጠይቀው አስረዳኝ። ስሜትን ከመጠን በላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የአእምሮ ሕመም ሲነሣ የፍትወት ፍላጎትም አብሮ ሊያይል ይችላል፤ ለፓርኪንሰን በሽታ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም እንደዚሁ ያደርጋሉ። ስለዚህ መነሻው ሳይለይ ሕክምና አይጀመርም።

ቀጥሎ የነገረኝን ለአንባቢዎች ባካፍል ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የዓለም የጤና ድርጅት አባል አገሮች በግንቦት 2011 ዓ.ም. ያጸደቁት፥ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮም በሥራ ላይ የዋለው 11ኛው የበሽታዎች መዝገብ ይህን ጠባይ ሕመም ብሎ ተቀብሎታል። ነገር ግን ያኖረው ከአልኮልና ከቁማር ሱስ ተርታ ሳይሆን፥ የመጣን ስሜት መግታት ካለመቻል ሕመሞች ተርታ ነው። «የወሲብ ሱስ» የሚለው ስም በሕዝብ ዘንድ የተሰራጨው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1983 መጽሐፍ ባሳተመው በአሜሪካዊው ፓትሪክ ካርንስ አማካይነት ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ግን በ2013 ባወጣው መጽሐፉ ውስጥ ሳያገባው ቀርቷል። ሊቃውንቱ በስሙ ይከራከራሉ፤ ታማሚው ግን ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልገውም።

ታዲያ ሕመም መሆኑ በምን ይታወቃል? በፍላጎት ብዛት አይታወቅም። ፍላጎቱ ብርቱ የሆነ፥ ነገር ግን ራሱን የሚገዛ ሰው ታማሚ አይደለም። የሠራውን ነገር ነውር ነው ብሎ ስላፈረ ብቻም ሰው ታማሚ አይባልም። ምልክቱ ይህ ነው፤ ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ነገሩ የኑሮው መካከለኛ ሆኖ ሥራውን፥ ጤናውን፥ ቤተሰቡን ያስረሳዋል፤ ልተው ብሎ ደጋግሞ ይሞክራል፥ ደጋግሞም ይሸነፋል፤ ጉዳቱን በዓይኑ እያየ ይቀጥላል፤ ደስታውም ጠፍቶ እንኳ ማቆም አይችልም። ይህን ስሰማ የሕይወት ታሪኬን ሌላ ሰው ያነበበልኝ መሰለኝና ከወንበሩ ላይ ሆኜ አለቀስሁ።

ባለሙያው ግን አንድ ነገር አጥብቆ ነገረኝ። «ሕመም ነው ማለት አልበደልሁም ማለት አይደለም» አለኝ። «ባለቤትዎ ለጤናቸው እንዲጠነቀቁ እውነቱን የማወቅ መብት አላቸው።»

በሳምንቱ እስቴ ሄድሁ። በአማቴ ቤት ተቀምጬ፥ ሳልቆርጥ ሳላሳምር፥ ከተማሪነቴ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ለባለቤቴ ነገርኋት። አማቴ ከምድጃው አጠገብ ሆነው ይሰሙ ነበር። ስጨርስ ባለቤቴ ዝም አለች። የተናገሩት አማቴ ናቸው።

«ልጄ» አሉኝ፥ «ሕመምህን አስታምሚ ብዬ ልጄን እልካታለሁ። ውሸትህን አስታምሚ ግን አልላትም።»

ከዚህ የበለጠ ፍርድ ከማንም ዳኛ አልሰማሁም።

በማግሥቱ ለኤች አይ ቪና ለሌሎች የአባላዘር በሽታዎች ምርመራ ሄድን። የኤች አይ ቪ ምርመራ በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ይደረጋል፤ ቫይረሱ ቢገኝም መድኃኒቱ በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። ይህን ሁሉ ባውቅም፥ ውጤቱን ስንጠብቅ የነበርንባት ያች አግዳሚ ወንበር ከሕይወቴ ሁሉ ረዘመችብኝ። እርሷ ከወንበሩ ጫፍ፥ እኔ ከሌላው ጫፍ። እጇን ልይዛት ብዘረጋ እጇን ሰበሰበች። ያለ አንዳች ጥፋቷ በኔ ምክንያት ፍርድ ትጠብቅ ነበርና እውነት ነበራት። ውጤቱ ነጻ ሆነ፤ ከሦስት ወር በኋላ ደግመን ስንመረመርም እንደዚሁ ሆነ። እድል ሆኖልን ነው እንጂ የኔ ጥንቃቄ አይደለም።

ሕክምናው አስማት የለበትም፤ ይህንን ሕመም ብቻ የሚያጠፋ የተለየ ክኒንም የለም። ከጎኑ ጭንቀት ወይም ድባቴ ካለ ሐኪሙ ለዚያ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። ዋናው የንግግር ሕክምና ነው። ባለሙያው ደብተር እንድገዛ አዘዘኝ፤ ፍላጎቱ በተነሣ ቁጥር ሰዓቱን፥ ቦታውን፥ ከዚያ በፊት የሆነውንም እንድጽፍበት። ወሩ ሲያልቅ አብረን አነበብነው። ከገጾቹ አብዛኞቹ ስለ ሴት የሚናገሩ አልነበሩም። «አለቃዬ በሰው ፊት ተቆጣኝ፤ ደመወዝ አለቀ፤ ማታ ብቻዬን ቀረሁ» የሚሉ ነበሩ። ለካ ያን ያህል ዘመን ፍትወት ያልሁት ነገር አብዛኛው ጭንቀትና ብቸኝነት ኖሯል።

«እንደ ሞላ ወንዝ ነው» አለኝ ባለሙያው። «ሲሞላ ልሻገር ብለው አይታገሉት፤ ዳር ቆመው ይጠብቁ፥ ይጎድላል።» የስማዳ ልጅ ነኝና ክረምት ወንዝ ሲሞላ ምን እንደሚመስል ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም። ዳር የምቆምባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ አበጀሁ። ስልኬ ከመኝታ ክፍል ውጭ ያድራል። ማታ ከሥራ ስወጣ ከአንድ ታማኝ የሥራ ባልደረባዬ ጋር እሄዳለሁ፤ እርሱ ነገሬን ሁሉ ያውቃል። ደመወዜን በባለቤቴ እጅ አኖርሁ። ፍላጎቱ ሲነሣ ያንን ወዳጄን እጠራለሁ፤ ወይም ተነሥቼ በእግሬ እሄዳለሁ።

ባለቤቴም ለብቻዋ ከባለሙያ ጋር ተነጋገረች። የተነገራትን ኋላ ስትነግረኝ፥ «እርስዎ የባለቤትዎ ዘበኛ አይደሉም፤ ያመማቸውም በርስዎ ጉድለት አይደለም» መባሏ ለብዙ ዓመት የተሸከመችውን ሸክም እንዳወረደላት ነገረችኝ። ለስምንት ወር በእናቷ ቤት ቆየች። ከዚያም ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ስትመለስም «መሐላህን አልፈልግም፤ እውነትህን ብቻ ንገረኝ» የሚል አንድ ቃል አስገባችኝ።

ከተመለሰች በኋላ በጥር ወር አንድ ማታ ወደቅሁ። ወደ ሴት አልሄድሁም፤ ነገር ግን በቢሮ ብቻዬን አምሽቼ ወደዚያ አሮጌ የስልክ ልማድ ተመለስሁ። ወደ ቤት ስሄድ ውሸቱ በአፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ «ስብሰባ ነበረብን» የሚል። በሩን ከፈትሁ፤ ልጁ ተኝቷል፤ እርሷ የተማሪዎቿን ደብተር ታርማለች። ቆሜ «ዛሬ ወድቄያለሁ» አልኋት። ብዕሯን አስቀመጠች፤ ለረጅም ጊዜ አላናገረችኝም፤ ዓይኗም እንባ ሞላ። በመጨረሻ፥ «አዝኛለሁ» አለችኝ። «ግን ዛሬ አልዋሸኸኝም።» ያች ሌሊት ትዳራችን እንደገና የተጀመረባት ሌሊት ናት ብዬ እቆጥራታለሁ።

ወንድሜ ሆይ፥ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ራስህን ካየህ አራተኛ መሐላ አትማል። ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ወረዳህ ሆስፒታል ሄደህ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ እንዲያዩህ ጠይቅ፤ ከዚያም እንደ ሁኔታው ወደ ደብረ ታቦር፥ ወደ ባሕር ዳር፥ ወደ ጎንደር፥ አዲስ አበባ ካለህም ወደ አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ ይቻላል። የመጀመሪያው ቢስቅብህ ወደ ሁለተኛው ሂድ። ይህን ስም ግን መሸሸጊያ አታድርገው። ሴትን ማስገደድ፥ ወይም በሕፃን ላይ መድረስ «ታምሜ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

እኅቴ ሆይ፥ አንቺም ጥፋቱን በመስተዋት ውስጥ አትፈልጊ። ጤናሽን ተመርመሪ፤ ውጤቱ እስኪታወቅም ራስሽን ጠብቂ፤ ለራስሽም የምታማክሪው ሰው ይኑርሽ። ለመቆየትም ለመሄድም መብቱ ያንቺ ነው። ለመቆየት ብትመርጪ ግን የአማቴን ቃል አስቢ፤ ሕመም ይታመማል፥ ይታከማልም፤ ውሸት ግን አይታመምም።

እኔ ዛሬ ድኛለሁ ብዬ አልጽፍም። ደብተሩ አሁንም አጠገቤ ነው፤ ስልኬ ዛሬም ከመኝታ ክፍል ውጭ ያድራል። ስለ ነገ አልምልም። ስለ ዛሬ ግን ማታ ቤቴ ስገባ እውነቱን እናገራለሁ።